«ፌንስስ»፦ ቲያትርነቱን ያልደበቀ ፊልም

ስለ «ፌንስስ» (አጥሮች ማለት ነው) ሲወራ ሁሌ የምሰማው ቅሬታ «ይሄ እኮ ቲያትር ነው፣ በካሜራ ተቀረጸ እንጂ» የሚል ነው፣ እኔ ግን እንደውም እሱ ነው የተመቸኝ። የኦገስት ዊልሰን ድራማ በ1987 (በፈረንጅ ነው) ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ገብቶ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ወሰደ፣ ሆሊውድም ፈለገው፣ ሰውዬው ግን ዳይሬክተሩ ጥቁር ካልሆነ አይሆንም አለና ነገሩ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እሱም በ2005 አረፈ። ፊልሙ የወጣው በ2016 ነው፣ ዳይሬክት ያደረገው ዴንዘል ዋሽንግተን።

ዴንዘልና ቫዮላ ዴቪስ በ2010 መድረክ ላይ ተጫውተውት ሁለቱም ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወስደዋል፣ ስለዚህ ካሜራ ፊት ሲቆሙ ቃሉ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ቫዮላ የምትጫወታት ሚስት፣ ሮዝ፣ ባሏ ከሌላ ሴት ሊወልድ እንደሆነ ሲነግራት የምታለቅስበት ቦታ አለ፣ ንፍጧ ሳይቀር እየወረደ፣ በናታችሁ ይሄን ቲያትር ቤት ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት ያየዋል? የክሎዝ አፕ (ፊትን በቅርበት የመቅረጽ) ዋጋው የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

የቀረው ያው የቤታቸው ጓሮ ነው፣ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ኳስና ያላለቀው አጥር። አንዳንዱ ፊልም ሰሪ ሲኒማ ይምሰል ብሎ መኪናና መንገድ ይጨምርበትና ድራማውን ያቀጥነዋል። ዊልሰን ከሞተ በኋላም ለስክሪፕቱ ኦስካር ታጭቷል፣ ያሸነፈችው ግን ቫዮላ ናት።