አንጋፋውን የቴክኖሎጂ ድርጅት እንዴት አዲስ ሥራ ውስጥ አስገባነው

የድርጅታችንን ሥራ አስኪያጅነት ስረከብ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ስንሸጥ ብዙ ዘመን አልፎን ነበር። ትርፉ ግን ሳስቷል። ደንበኛው ዋጋውን በስልኩ አጣርቶ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ ደብዳቤውን ደግሞ በቴሌግራም ይልካል።

ብዙዎች አንጋፋዎቹን ሸኝቼ ከፖሊ ቴክኒክ የወጡ ወጣቶችን ብቻ እንድይዝ መከሩኝ። ወጣቶቹን ቀጠርኩ፤ አንጋፋዎቹንም አስቀረሁ። በወቅቱ የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ነበር። ሉ ገርስትነር እ.ኤ.አ. በ1993 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሆነው ሲሾሙ ኩባንያውን የመከፋፈል ዕቅድ ተጀምሮ ነበር፤ እሳቸው እንዳለ አቆይተው ትኩረቱን ወደ አገልግሎት አዞሩት። እኛስ ሌላው የማያውቀውን ምን እናውቃለን?

መልሱ ከአንድ መዝገብ ቤት በመጣ ፍላሽ ውስጥ ተገኘ። ፋይሉ ሲከፈት ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ነው። ወጣቷ ፕሮግራመራችን "ተበላሽቷል" ብላ ልትዘጋው ስትል፣ የጥገና ክፍሉ ጋሼ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው አዩና "ቆይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ቪዥዋል ግዕዝ ነው፤ ፎንቱን ጫኚለት" አሏት። ሲጫን የስም ዝርዝሩ ወለል ብሎ ወጣ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ቢሮዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሳቸው መንገድ ይደለድሉት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ጽሑፉ አይነበብም፤ ቢነበብም በዛሬው ኪቦርድ ስም ጽፈው ቢፈልጉ አይገኝም። የስንት ሰው ማስረጃ እንዲህ ታፍኖ እንደተቀመጠ ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዲሱ ሥራችን ይህ ሆነ፦ አሮጌ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ወረቀቱን ስካን ማድረግ፣ ከዚያም በዓመታዊ ውል መንከባከብ። ፕሮግራመሮቹ መቀየሪያውን ጻፉ፤ ርዕሱ በአንድ ፎንት፣ ሰንጠረዡ በሌላ የተጻፈ ሰነድ ሲመጣ ግን የሚለዩት አንጋፋዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጥኳቸው፤ ጉርሻውንም ለጥንድ አደረግሁት። ስብሰባና ሥልጠና ያላመጣውን መቀራረብ ያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከባዱ የሽያጭ ክፍሉ ነበር። ኮሚሽኑን ከዕቃ ሽያጭ አንስቼ ለታደሰ ውል ሳደርገው ጎበዝ ሻጮች ለቀቁ። አዘንኩ፤ ክፍያው እንደ ድሮው ቢቀጥል ግን ሰው ሁሉ ወደ ድሮው ሥራ መመለሱ አይቀርም ነበር። የሽያጭ አዳራሹን ግማሽም ወደ ደንበኞች ግቢ ለምንወስዳቸው ስካነሮች ማስቀመጫ ለቀቅን።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። የደንበኛው ሰነድ ከግቢው አይወጣም፤ ሥራው እዚያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሲያልቅም ዩኒኮዱን ከዋናው ፋይል ጋር እናስረክበዋለን፤ ነገ ከሌላ ድርጅት ጋር መሥራት ቢፈልግ እኛን ማስፈቀድ የለበትም።