የፀሐይ ጠረፍ ወደቦች በጎንደሬ ዓይን

በስፔን ደቡብ፣ በማላጋ አውራጃ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተዘርግቶ የሚገኘው ኮስታ ዴል ሶል፣ ትርጉሙም የፀሐይ ጠረፍ፣ የእኛ ከተማ በሐምሌ ዝናብና ጭጋግ በምትሸፈንበት ወቅት ደመና የሌለበት ሰማይ ያለው አገር ነው። በስተሰሜን የተደረደሩት ተራሮች ከውስጥ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚከለክሉለት፣ የእነርሱ ክረምት እንኳ ለስላሳ መሆኑን የአገሩ ሰዎች በኩራት ይናገራሉ። እኔ የሄድሁት ማላጋ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስለ ጋበዘችኝ ቢሆንም፣ ልቤ የነበረው ግን በወደቦቹ ላይ ነበር። ጎርጎራ ላይ መዝናኛው ከተሠራ ወዲህ እኛ ጎንደሮች ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር የጣና ዳርቻ ነገ ምን ይመስል ይሆን እያልን የምንከራከር ሰዎች ስለሆንን፣ ሌላው ሕዝብ ውኃ ዳር ያለውን ከተማ ምን እንዳደረገው በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ስፔንና ጎርጎራ በአንድ አፍ ሲጠሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1564 በማድሪድ አቅራቢያ የተወለደው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1603 ወደ አገራችን ገብቶ አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት እስከ ማምጣት ደርሶ፣ በ1622 ያረፈው እዚያው ጎርጎራ ነው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አስወጥተው የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ጎንደርን ባይቆረቁሩ ኖሮ ታሪካችን ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ወደ ጠረፉ ልመለስ። ማላጋ ፊንቄያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት የቆረቆሯት፣ ከዚያም በሮማውያን፣ በኋላም በሙስሊም ገዢዎች እጅ የነበረች፣ በ1487 ደግሞ የካስቲልና የአራጎን ነገሥታት የያዟት ጥንታዊ ወደብ ናት። ይህ ሁሉ ዘመን በአንድ ቦታ ቆሞ ይታያል፤ አልካሳባ ከሚባለው የሙስሊም ገዢዎች ምሽግ ግርጌ የሮማውያን ቴአትር አለ፤ ቴአትሩ ተቀብሮ ኖሮ የተገኘውም በ1951 ነው። የድንጋይ ግንብ እያየ ላደገ ሰው አልካሳባን መውጣት ደስ ይላል፤ ሆኖም ያገሬን ነገር ላድላና፣ ለዓይን ግርማ የፋሲልን ግቢ የሚያህል አላገኘሁም። በአልካሳባ የሚበልጠው ውኃውና አትክልቱ ነው። ፓብሎ ፒካሶ በ1881 የተወለደበት ቤት ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ሲሆን፣ ከቤቱ ፊት ያለው አደባባይ ሲመሽ በልጆች ጩኸት ይሞላል።

ከማላጋ ወደ ምዕራብ እስከ ፉዌንሂሮላ የሚሄደው የከተማ ዳር ባቡር አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ቶሬሞሊኖስንና ቤናልማዴናን እየነካ ያልፋል። ቶሬሞሊኖስ ከዓሣ አጥማጆች መንደርነት ወደ ሆቴል ከተማነት የተለወጠችው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦባታል፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። የቤናልማዴና ማሪና፣ ማለትም የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ፣ ግን ሊታይ የሚገባው ነው። ቤቶቹ ውኃው መካከል ባሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የቆሙ፣ ጉልላታቸው የሕንድንም የዓረብንም አሠራር የቀላቀለ ነጫጭ ሕንፃዎች ሲሆኑ፣ ነዋሪው ከበሩ ወጥቶ ጀልባው ላይ ይወጣል። ከሺህ በላይ ጀልባዎች ይቆሙበታል ይባላል፤ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዓሣ የጫነ አንድም አላየሁም።

ከፉዌንሂሮላ በኋላ ባቡሩ ያልቃል፤ ማርቤያን የምታህል ስመ ጥር ከተማ የባቡር ጣቢያ የሌላት መሆኑ ገርሞኛል፣ በአውቶቡስ ነው የገባሁት። አሮጌው ሰፈሯ፣ በተለይ የብርቱካን ዛፎች ያሉበት አደባባይ፣ ጠባብ መንገዶቹ በሙሉ በኖራ የነጡ፣ ለመቀመጥ የሚጋብዝ ነው። በአጠገቧ ያለው ፑዌርቶ ባኑስ ደግሞ በ1970 ሆሴ ባኑስ የተባለ የግንባታ ባለሀብት የከፈተው የባለጠጎች ወደብ ነው። መኪኖቹና የቅንጦት ጀልባዎቹ ለመታየት የተደረደሩ ናቸው፣ ተመልካቹም ፎቶ ለማንሣት ብቻ የመጣ ነው። ጎርጎራን እንዲህ አድርገን እናስውባት የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልስማማም፤ ታንኳ የሚቀዝፈው ወገናችን ከራሱ ዳርቻ በአጥር ከተለየ ወደቡ ለማን ነው?

ልቤን የገዛው በማላጋ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ፔድሬጋሌሆ ነው። እዚያ ባሕሩ ዳር አንዲት አሮጌ ጀልባ አሸዋ ተሞልታ እንደ ምድጃ ታገለግላለች፤ አንድ አዛውንት በውስጧ የወይራ እንጨት አንድደው ሰርዲን ይጠብሳሉ። ዓሣዎቹን ከአከርካሪያቸው በታች በሾለ ሸምበቆ እየወጉ አምስት ስድስት አድርገው ይደረድራሉ፣ ደረቅ ጨው ይነሰንሱባቸዋል፣ ከዚያም ሸምበቆውን ከፍሙ አጠገብ ነፋሱ ጢሱን ወደማያመጣበት ወገን አሸዋው ላይ አዘንብለው ይተክሉታል። ነበልባሉ ዓሣውን አይነካም፤ የሚያበስለው ግለቱ ብቻ ነው። ጢሱ ሲደርሰኝ እናቴ የወተት ቅል ስታጥን የማውቀው የወይራ ሽታ ሆኖ አገኘሁት። ሹካ ስፈልግ የአክስቴ ልጅ «ኧረ ተወኝ፣ በእጅህ ብላ፣ ጎንደሬ አይደለህ እንዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ስልክ ስደውል እማዬ የጠየቀችኝ ስለ ባሕሩ ሳይሆን ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ እንዳልነበረ ነው፤ ማክሰኞ ነበርና ተረፍሁ።

በዚያው ዳርቻ ሐበጋ የሚሏት የጥንት መቅዘፊያ ጀልባ አለች፤ ከፊቷ በግራና በቀኝ ዓይን ይሳልባታል። ዛሬም የሰፈሩ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ይወዳደሩባታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲለማመዱ ደርሼ ነበር፤ ቀዛፊዎቹ አካባቢያቸውን በሸሚዝና በሱሪ ቀለም ለይተው፣ መሪው ከኋላ ቆሞ ይጮኻል። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ደንገል አስረው የሚሠሩትን ጀልባ በበዓላት ለእሽቅድምድም ብናወጣው ምን ይከለክለናል? ለዚህ ሆቴልም ባለሀብትም አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ቀን መቁረጥና ለአሸናፊው ሽልማት ማዘጋጀት ነው።

በስተምዕራብ ያለችው ኤስቴፖና ሁለቱንም አዋሕዳለች። በአንድ ወደብ ውስጥ የመዝናኛ ጀልባዎችና የዓሣ አጥማጆች መርከቦች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መረባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የሚጠግኑትን ሰዎች ቱሪስቱ እየዞረ ያልፋቸዋል እንጂ እነርሱ ቦታ አይለቁለትም። ከተማዋ ውስጥ መንገዶቹ ሁሉ በአበባ ማሰሮ ያጌጡ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ከባሕሩ ዳር የጂብራልታር ቋጥኝና ከማዶ ያለችው የሞሮኮ ተራራ ይታያሉ፤ ከዚያ አልፎ ያለው የታሪፋ ጫፍ ከአፍሪካ በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ለሚቀጥለው ጊዜ ያቀድሁትም ከታሪፋ በመርከብ ወደ ታንጀር መሻገርን ነው፤ የሚሄድ ሰው ካለ ማለዳ ተነሥቶ ከማላጋ በአውቶቡስ ይጀምር፣ የኤስቴፖናን ወደብ ግን ሳይወርድ እንዳያልፍ።