የቱር ቻምፒዮንሺፕን ስሌት በራሴ ሠንጠረዥ እንዴት እንደምይዝ

በየነሐሴው አትላንታ፣ ኢስት ሌክ ሜዳ ላይ የሚካሄደውን የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ የባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች የዓመት ተከታታይ ውድድር) መዝጊያ፣ ቱር ቻምፒዮንሺፕን የምከታተለው የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፍቼ ነው። የቴሌቪዥኑ ሰሌዳ ማን እንደሚመራ ያሳያል፤ ለምን እንደሚመራ ግን አያሳይም። ከ2019 እስከ 2024 ድረስ ደግሞ ጭራሽ ያደናግር ነበር፤ የዓመቱ ነጥብ መሪ ገና አንድ ኳስ ሳይመታ ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በታች 10 ተብሎ ይጀምር ነበርና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው የሚጀምረው ከኢስት ሌክ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ከ2023 ወዲህ ባለው አሠራር ሜምፊስ ላይ በሴንት ጁድ ቻምፒዮንሺፕ በዓመቱ ነጥብ የቀደመ 70 ሰው ይጫወታል፤ 50ው ወደ ቢኤምደብሊው ቻምፒዮንሺፕ፣ ከዚያም 30ው ወደ ኢስት ሌክ ያልፋሉ። በሦስቱም ውድድሮች ከሁለተኛው ቀን በኋላ ተጫዋች የሚሰናበትበት ማጣሪያ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የሚሰጠው ነጥብ 2000፣ 1200፣ 760፣ 540፣ 440፣ 400፣ 360፣ 340፣ 320 እና 300 ነው፤ ይህም የመደበኛው ውድድር አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን ዝርዝር በተለየ ገጽ አንድ ጊዜ ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። ዋናው ገጽ ላይ የሚገቡት ስም፣ ከሜምፊስ በፊት የነበረ ነጥብ፣ የሜምፊስ ነጥብ፣ የቢኤምደብሊው ነጥብ፣ ድምርና ደረጃ ናቸው። ያልተጫወተ ሰው 0 ይጻፍለታል እንጂ ከዝርዝሩ አይወጣም። ሮሪ ማኪልሮይ በ2025 ሜምፊስን ዘሎ በቀድሞ ነጥቡ ብቻ በሰላም አልፏል።

ስሌቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እኩል በወጡ ተጫዋቾች ላይ ነው። ሦስት ሰዎች ሁለተኛነትን ቢጋሩ እያንዳንዳቸው 1200 አያገኙም። የሁለተኛ፣ የሦስተኛና የአራተኛ ነጥብ ተደምሮ ለሦስት ይካፈላል፤ 833.33 ይደርሳቸዋል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ አንድ ኳስ አስገብቶ ለብቻው ሁለተኛ የሚሆን ሰው 366.67 ነጥብ ይጨምራል። ይህ ሰባተኛ የወጣ ሰው በአራት ቀን ድካም ከሚያገኘው 360 ይበልጣል! አንደኝነት ግን አይካፈልም፤ እኩል የወጡት ተጨማሪ ቀዳዳ ተጫውተው ይለያሉ፣ አሸናፊው 2000ውን ሙሉ ይወስዳል፣ የተሸነፉት ከሁለተኛ ጀምሮ ይጋራሉ። የኤክሴል የደረጃ ቀመር ይህን አያውቅም፤ የጋራ ደረጃ ሲመጣ ለሁሉም የላይኛውን ነጥብ ይሰጣል። እኔ በአንድ ደረጃ ላይ ስንት ሰው እንዳለ የሚቆጥር ዓምድ ጨምሬ አማካዩን ከነጥቡ ዝርዝር እንዲያወጣ አድርጌዋለሁ።

በቀጥታ ስርጭት የሚታየው የ30ዎቹ ግምታዊ ዝርዝር ጨዋታው አሁን ቢቆም ከሚል የተነሣ ነው። ሁለት ቀዳዳ የቀረውንና ጨርሶ ልብሱን የቀየረውን እኩል ያያል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የቀሩትን ቀዳዳዎች ቁጥር፣ በተለይም የቀሩትን ፓር 5ዎች (አምስት ምት የተመደበላቸውን ረጃጅም ቀዳዳዎች) እጽፋለሁ። በ2016 የኢስት ሌክ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቀዳዳዎች ቦታ ተለዋውጠው 18ኛው ፓር 5 ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ምት ማትረፍ ብርቅ አይደለም። በ2018 ታይገር ዉድስ ውድድሩን አሸንፎ 80ኛ ድሉን ሲያገኝ፣ ጀስቲን ሮዝ 18ኛው ላይ በርዲ (ከፓር አንድ ያነሰ ምት) ሠርቶ አራተኛነትን ከሌሎች ሁለት ጋር ተጋራ፤ ያኔ በጠቅላላ ነጥብ ለሚመራው ይሰጥ የነበረው የፌዴክስ ካፕ ዋንጫም የሮዝ ሆነ። በፓር ቢወጣ ኖሮ ዋንጫውም የዉድስ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ሻምፒዮን ማየት ለተመልካች ግራ ስላጋባ ነው በ2019 የቅድሚያ ምት፣ ማለትም በነጥብ የቀደሙት ከፓር በታች ሆነው የሚጀምሩበት አሠራር የመጣው።

የእነዚያን ስድስት ዓመታት ገጽ እስካሁን አልሰረዝኩትም፤ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው እሱ ነው። አንደኛው ከፓር በታች 10፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 7፣ አራተኛው 6፣ አምስተኛው 5 ይዘው ይነሣሉ፤ ከ6ኛ እስከ 10ኛ ያሉት 4፣ ከዚያ በየአምስት ሰው አንድ አንድ እየቀነሰ ከ26ኛ እስከ 30ኛ ያሉት ባዶ እጃቸውን። የቅድሚያውን ምት ለብቻው፣ በሜዳ የተመታውን ለብቻው ስትይዙ ታሪኩ ይለወጣል። በ2024 ስኮቲ ሼፍለር ከፓር በታች 30 ብሎ በአራት ምት አሸነፈ ተባለ፤ በሜዳ የመታው ግን 264 ነው፣ ሁለተኛ የወጣው ኮሊን ሞሪካዋ ደግሞ 262። በ2023 ቪክቶር ሆቭላንድ ዛንደር ሻውፍሌን በአምስት ምት በለጠው፤ በሜዳ ሁለቱም 261 መትተዋል። በ2020 ደስቲን ጆንሰን በ269 ዋንጫ ሲያነሣ ሻውፍሌ 265 ነበረው። ከስድስቱ አሸናፊዎች ሦስቱ ከ10 የተነሡ ናቸው። ከሁሉ ርቆ ተነሥቶ ያሸነፈው በ2022 ከ4 የጀመረው ማኪልሮይ ሲሆን፣ ያውም የመጀመሪያውን ቀዳዳ በሦስት ተጨማሪ ምት ጀምሮ ነው። ከ10ኛ በታች የነበረ ማንም አላሸነፈም፤ ሃያዎቹ ለአጃቢነት የመጡ ያህል ነበር ብል አላጋነንኩም።

በዚያው 2022 ሦስተኛ የነበረው ዊል ዛላቶሪስ በጉዳት ወጥቶ የተጫወቱት 29 ናቸው። እንዲህ ሲሆን ረድፉን አትሰርዙ። ከሰረዛችሁት ቀመሩ ከታች ያሉትን ሁሉ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ያልተሰጣቸውን ምት ይሰጣቸዋል፤ በእውነቱ የዛላቶሪስ 7 ባዶውን ቀረ እንጂ ለሌላ አልተላለፈም።

ፓርን በቀመር ውስጥ በቁጥር አትጻፉ፤ ለየዓመቱ የራሱ ሳጥን ይኑረው። ኢስት ሌክ ለረጅም ጊዜ ፓር 70 ነበር። አንድሩ ግሪን ሜዳውን ካደሰው በኋላ በ2024 14ኛው ፓር 5 ሆኖ 71 ሆነ፣ በ2025 ተመልሶ 70። ቶሚ ፍሊትዉድ በ2025 ያሸነፈበት 64፣ 63፣ 67 እና 68 ድምሩ 262 ነው፤ ከፓር በታች 18። የሞሪካዋም 262 ነበር፤ የእሱ ግን የቅድሚያው ምት ሳይቆጠር ከፓር በታች 22 ነው። ዓመትን ከዓመት የምታወዳድሩ ከሆነ ጠቅላላውን ምት ያዙ። ከ2024 በፊት ካለው ጋር ግን ይህም አያዋጣም፤ ግሪኖቹ (በየቀዳዳው ዙሪያ ያሉት አጭር ሣር ቦታዎች) ሁሉ አዲስ ናቸው።

በ2025 የቅድሚያው ምት ተነሣ፤ 30ዎቹ እኩል ጀምረው በ72 ቀዳዳ ያነሰ የመታ ዋንጫውን ይወስዳል። አንድ ዓምድ ቀነሰልኝ። ለእኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሼፍለር በዚያ ዓመት እስከዚያ ሳምንት አምስት ውድድር አሸንፎ መጥቶ አራተኛነትን ተጋራ፤ ዋንጫውን የወሰደው እስከዚያ ቀን ፒጂኤ ቱር ላይ አንድም ያላሸነፈው ፍሊትዉድ ነው። የዓመቱ ነጥብ አሁን የመግቢያ በር ብቻ ነው። የሽልማቱ ገንዘብም በዚያው ልክ ተበትኗል፤ በ2024 ለሻምፒዮኑ 25 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በ2025 10 ሚሊዮን ሆኖ፣ የቀረው ለነጥብ መሪዎች ቀደም ብሎ ይከፈላል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትከታተሉ፣ ለሰዓቱ አትላንታ ላይ ከሚታየው ቁጥር አንድ ብቻ ጨምሩ፤ የሰባት ሰዓቱ ልዩነትና የእኛ አቆጣጠር ተጣፍተው የሚቀረው አንድ ነው። እዚያ ከቀኑ 2 ሲል እኛ ጋ ከምሽቱ 3፣ እዚያ 6 ሲል እኛ ጋ ከሌሊቱ 7። ክላርክስተንና ዲኬተር ያላችሁ ደግሞ ሜዳው ደጃችሁ ነው፤ እሑድ ከሰዓት 18ኛው ግሪን አጠገብ ቦታ የሚገኘው መሪዎቹ ገና ሳይነሡ ቀድሞ ለደረሰ ነው።