ግሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፦ በጎንደር ያካሄድሁት የንባብ ሙከራ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሚመረምረው አንባቢ ያልጠበቀው ቃል ሲገጥመው አእምሮው ምን ያህል እንደሚዘገይ ነው። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዐውዱ ጋር የማይስማማ ቃል በታየ በ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ላይ ልዩ ምልክት እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ሞገዱን ለመመዝገብ ራስ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ያስፈልጋሉ። እኔ ጎንደር ላይ የነበረኝ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ የሚታይበትን ዘዴ መረጥሁ። በየቃሉ ላይ የተቆየበትን ጊዜ ሳይኮፓይ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይመዘግባል። የጣት ፍጥነት ሞገዱን አይተካም፤ አእምሮ የት ላይ እንደተቸገረ ግን በግልጽ ያመለክታል።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝም ያስደሰተኝም ዐረፍተ ነገር ማዘጋጀቱ ነው። በዚህ ዘዴ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው እንግዳው ቃል ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ከግሱ በኋላ ተሳቢው ስለሚከተል ችግር የለም። የእኛ ግስ ግን ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ አንባቢ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ምንም እንግዳ ነገር ባይገጥመውም ቆም ይላል። ሁለቱን ለመለየት ግሱን ወደ መሃል አስገባሁት፦ «ልጅቷ ቡናውን ጠጣችው ብለው ጎረቤቶቿ ነገሩኝ»። በሌላው ቅጂ «ጠጣችው» በ«ሰፋችው» ይተካል። ርዝመት ብቻውን ንባብን ስለሚያዘገይ ሁለቱም ባለአራት ፊደል እንዲሆኑ ተጠንቅቄያለሁ። አንድ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነባል፤ በየመሃሉም እንከን የሌላቸው ሌሎች ዐረፍተ ነገሮች ይገባሉ።

ተሳታፊዎቹ ተማሪዎች ስለነበሩ ላፕቶፑን ሲያዩ ፈተና ይመስላቸዋል። ፈተና እንዳልሆነ ረጋ ብሎ ማስረዳት ከማንኛውም ዝግጅት በላይ ጠቅሟል። አንዱ «ሰፋችው» ላይ ሲደርስ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ፤ ከንፈሩ ቃሉን ደገመው። ከዚያም ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቃል ተሳስታችኋል» አለኝ። የጥምቀት ሰሞን ከበሮው ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ ቀጠሮዎቹን ወደ ማለዳ አዛውሬ ነበር።

ማንበብ ያልተማሩ እናቶችና አባቶች ከዚህ ሙከራ ውጪ መሆናቸው ያሳስበኛል። አማርኛን አሳምረው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አሁን ዐረፍተ ነገሮቹን ቃል በቃል በድምፅ እየቀረጽሁ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑ ቀጣዩ ቃል ይሰማቸዋል።