ሁለት ሆኖ ገልፍ ስትሪምን በሌሊት መሻገር

ዛሬ የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን በውቅያኖስ ላይ ለማሳለፍ ስለሚዘጋጁ ባልና ሚስት ነው። የመረጥኩት መንገድ ከፍሎሪዳ ወደ ባሃማስ የሚወስደው ነው፤ ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያድረው እዚያ ነውና። ሁሉም የሚፈራው ጨለማውን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በካታማራኗ (ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚንሳፈፉ ሁለት አካላት ባሏት የሸራ ጀልባ) ላይ ሁለት ሰው አለ ይባላል እንጂ አንዱ ሲተኛ ሌላው ብቻውን ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲበዛ ሸራ ማሳጠሩንም፣ ሬዲዮውንም፣ ሞተሩንም ከሁለቱ ልምድ የሚያንሰው ሰው ብቻውን ሊሠራው መቻል አለበት። እሱ የማይችለው ነገር ካለ ሌሊት ላይ ማንም አይችለውም ብሎ መቁጠር ይሻላል።

መንገዱ አጭር ነው። ከማያሚ አጠገብ፣ በኪ ቢስኬን ደሴት ደቡብ ጫፍ፣ ኖ ኔም ሃርበር የምትባል ትንሽ የተከለለች መጠለያ አለች። ከዚያ የባሃማስ ደሴት እስከሆነችው እስከ ቢሚኒ 45 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው (ከዚህ በኋላ ማይል ስል ኖቲካል ማይል ነው)፤ 83 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 6 ኖቲካል ማይል፣ ለምትሄድ ጀልባ ሰባት ሰዓት ተኩል ይበቃት ነበር፤ ገልፍ ስትሪም መሃል ላይ ባይኖር። ገልፍ ስትሪም ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚፈስ፣ በባህር ውስጥ ያለ ወንዝ ነው። እዚህ ጋ ፍጥነቱ በአማካይ 2.5 ኖት ይሆናል፤ መሃሉ ላይ 3.5 ኖትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የጀልባዋን አፍንጫ ቀጥታ ቢሚኒ ላይ አነጣጥሮ የሄደ ሰው በሰባት ሰዓት ተኩል ውስጥ 19 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ይገፋል። ኦቶፓይለቱ (ጀልባዋን በራሱ የሚመራው መሣሪያ) አፍንጫዋን ሁልጊዜ ወደ ቢሚኒ እንዲያዞር ከታዘዘም ያው ነው፤ ጀልባዋ ቀስ በቀስ እየታጠፈች ትሄድና መጨረሻው ላይ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ትገጥማለች።

ሒሳቡ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። 2.5 ለ6 ሲካፈል 0.42 ይሆናል፤ ሳይኑ 0.42 የሆነው አንግል 25 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋ ከቢሚኒ አቅጣጫ 25 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘወር ብሎ ይያዛል። ጀልባዋ እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደች ቀጥታውን መስመር ትይዛለች። በዚህ አያያዝ ወደ ቢሚኒ የሚቀርላት ፍጥነት 5.4 ኖት ብቻ ነው፤ ጉዞው ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ይህን ሒሳብ ሁለቱም በየግላቸው በወረቀት ቢሠሩትና ቢያስተያዩት ደስ ይለኛል።

የአየሩ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። በክረምት ወራት ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር በየጥቂት ቀኑ ፍሎሪዳን ያቋርጣል። እሱ ሲያልፍ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ዞሮ ይበረታል፤ ቆይቶ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ጅረቱ ወደ ሰሜን ሲፈስ ነፋሱ ከሰሜን ከመጣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ በማዕበልና በማዕበል መካከል ያለው ርቀት ያጥርና ቁልቁለቱ ግድግዳ ይሆናል። ትንበያው 15 ኖት ብቻ ቢልም እንኳ እንደዚያ ነው። ካታማራን ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘው ወለሏ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል ማዕበሉ ከሥር እንደ መዶሻ ይመታታል፤ ጀልባዋ ብዙ ዕቃ ከተጫነባት ደግሞ የባሰ ነው። በትንበያው ላይ «ሰሜን» የሚል ቃል ካለበት አለመነሳት ነው። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከዞረ በኋላም ባህሩ እስኪረጋ አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል። ሰውን በመጥፎ አየር የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ድፍረት አይደለም፤ ቢሚኒ ላይ ቀን የተቀጠረለት እንግዳ ወይም የተቆረጠ የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ማንንም በቀን አትቅጠሩ።

መነሻው እኩለ ሌሊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። (የጀልባዋ መዝገብ ግን በ24 ሰዓት ይጻፍ፤ ሁለት አቆጣጠር አንድ ገጽ ላይ መቀላቀል ያሳስታል።) እንዲያ ሲሆን ቢሚኒ የሚደረሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ነው። ቀድሞ መድረስ ጥቅም የለውም። መግቢያው ላይ አሸዋው ቦታውን ይቀያይራል፣ የሚገባውም ከምዕራብ ስለሆነ የማለዳ ፀሐይ ዓይን ላይ ታበራለች፤ የውሃው ቀለም የሚነበበው ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነው። ከኪ ቢስኬን መውጫውን ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ወጥቶ መመለስና የሄዱበትን መስመር በካርታ ማሳያው ላይ መዝግቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ሌሊት ያንኑ መስመር መከተል ነው።

ሸራ ማሳጠር ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ካታማራን ጀማሪን የምታታልለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ቀፎ ያላት ጀልባ ነፋስ ሲበዛባት ትዘማለች፤ ሳህን ይንሸራተታል፣ ሰው ይነቃል። ካታማራን አትዘምም፣ ዝም ትላለች። ጫናው የሚሄደው ወደ ምሰሶው፣ ወደ ገመዱና ወደ ሸራው ነው። ስለዚህ ሸራ የሚያጥረው በስሜት አይደለም፤ በነፋስ መለኪያው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጀልባዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ በብዙዎቹ የመጀመሪያው ማሳጠሪያ 18 ኖት አካባቢ፣ ሁለተኛው 23 ወይም 24 ላይ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ግን ነፋሱ 12 ኖት ቢሆንም ዋናው ሸራ ገና ከመነሻው አንድ ጊዜ አጥሮ ይውጣ። ግማሽ ኖት ፍጥነት ይቀራል፤ የተኛው ሰው ግን አይቀሰቀስም። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ሌላም መዘዝ አለ፦ 20 ኖት ነፋስ ከኋላ እየነፈሰ ጀልባዋ በ7 ስትሄድ መለኪያው የሚያሳየው 13 ነው። ዞር ሲሉ ነው ሃያው፣ ከዚያም በላይ፣ ፊት ላይ የሚመጣው።

አሠራሩን ወደብ ውስጥ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክሩት። ሞተር ይነሳል፤ ጀልባዋ ከነፋሱ 25 ዲግሪ ያህል ዘወር ብላ ትያዛለች። የዋናው ሸራ መቆጣጠሪያ ገመድ ይለቀቃል። የማንሻው ገመድ አስቀድሞ በቀለም ምልክት እስከተደረገበት ቦታ ድረስ ይወርዳል። የፊተኛው የማሳጠሪያ ገመድ ተስቦ ይጠብቃል፤ ማንሻው እንደገና ይወጠራል፤ ከዚያ የኋለኛው የማሳጠሪያ ገመድ፣ የሸራው ጥግ ከሥሩ ባለው አግዳሚ ምሰሶ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ይሳባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሸራው ይቀደዳል። ማንሻው ገና ሳይለቀቅ ወይም ገመዱ የሆነ ቦታ ተጠምዝዞ ሳለ የኤሌክትሪኩን ዊንች (ገመድ የሚስበውን ማሽን) ቁልፍ ተጭኖ መያዝ የጀማሪ ትልቁ ስህተት ነው። እጅ ቢሆን ገመዱ እንደከበደ ይሰማዋል፤ ሞተር አይሰማውም፣ የሆነ ነገር እስኪበጠስ ይስባል። ቁልፉ ላይ ጣት፣ ሸራው ላይ ዓይን፤ ለዚህ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል፣ በቀይ ብርሃን ጭምር የሚሠራ።

ለሌሊቱ የጥበቃ ተራ ሦስት ሦስት ሰዓት እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ተረኛ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለት። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያለው ሰዓት የሰው አካል በጣም የሚደክምበት ስለሆነ ሌሊት መንቃት የሚቀለው ሰው እሱን ይያዝ። የሚተካው ሰው ከሩብ ሰዓት በፊት ይነሳ፤ ከእንቅልፍ በወጣ ቅጽበት መብራት የሚያነብ ዓይን የለም። ተረኛው ያልገባው ነገር ካየ ያለ ይሉኝታ ይቀስቅስ። «ትተኛ ብዬ ነው»፣ «ይተኛ ብዬ ነው» የሚባለው ፍቅር ሌሊት ባህር ላይ አይሠራም።

ተረኛው የሚጠብቀው ምንድነው? መርከብ። ርዝመቱ 50 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ የምሰሶው ነጭ መብራት ቢያንስ ከ6 ማይል እንዲታይ ሕጉ ያስገድዳል። መርከቡ በ20 ኖት፣ ጀልባዋ በ6 ኖት ቢቀራረቡ 6 ማይሉ ከ14 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ የማንቂያ ደወል በየ10 ደቂቃው ይሞላል፤ በጮኸ ቁጥር ተረኛው ተነስቶ ዙሪያውን በሙሉ፣ ከሸራው ጀርባ ያለውን ጨምሮ፣ በዓይኑ ይቃኛል። ማሳያው ላይ መርከብ የለም ማለት ባህሩ ላይ የለም ማለት አይደለም፤ ትናንሽ የዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች ኤአይኤስ (ስማቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ ወደ ሌሎች ማሳያ የሚልክ መሣሪያ) ላይኖራቸው ይችላል።

የመብራቱ ቋንቋ ይህ ነው። የመርከቡ ግራ ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ፣ ኋላው ነጭ። ትልቅ መርከብ ከላይ ሁለት ነጭ መብራት አለው፤ የፊተኛው ዝቅ፣ የኋለኛው ከፍ ያለ ነው። ሁለቱ ነጮች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው፣ ቀዩና አረንጓዴው አብረው ከታዩ መርከቡ ቀጥታ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። በአንድ ምሰሶ ላይ ቁልቁል የተደረደሩ ሦስት ነጮች ካያችሁ ከ200 ሜትር በላይ ርቀት ጭነት የሚጎትት መርከብ ነው፤ በጎታቹና በተጎታቹ መካከል በፍጹም አይታለፍም፣ ገመዱ አይታይም። ማያሚ የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ስለሆነች ሌላ ችግር አለ፦ እነሱ ከተማ ያህል ስለሚያበሩ ቀዩና አረንጓዴው በመሃሉ ይጠፋል። እዚያ ኤአይኤስ ዋጋ አለው፤ በምን ያህል ርቀት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደምትተላለፉ ይነግራል። ከአንድ ማይል በታች ካለ በሬዲዮ ቻናል 16 በመርከቡ ስም መጥራት ነው፤ ስሙ ማሳያው ላይ አለ። የራሳችሁን መብራት ደግሞ አትርሱ። በሸራ ስትሄዱ የምሰሶው ጫፍ ባለሦስት ቀለም መብራት ይበቃል፤ ሞተር ሲነሳ እሱ ጠፍቶ የታችኞቹ የጎንና የኋላ መብራቶች ከነጩ የምሰሶ መብራት ጋር ይበራሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ማብራት የሚመለከታችሁን መርከበኛ ግራ ያጋባዋል።

ከሁሉም የከፋው ሰው ውሃ ውስጥ መውደቅ ነው። በ6 ኖት ጀልባዋ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ትሄዳለች፤ ሌሊት የሰው ጭንቅላት ከዚያ ርቀት አይታይም። ሌላው ተኝቷል፣ የሰማም የለም። ስለዚህ ተረኛው የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ይለብሳል፣ ከመሪው ቦታ ሳይነሳም የደህንነት ገመዱን ያስራል፤ ከመሪው ቦታ ለመውጣት ሌላው መንቃት አለበት። ከፊት ያለው መረብ ላይ ሌሊት ማንም አይሄድም። የኋላ ደረጃዎቹ ለማውጣት የሚመቹ ይመስላሉ፤ በማዕበል ግን ከፍ ዝቅ እያሉ የሰው ራስ ይመታሉ። ሚስት ባሏን፣ ባል ሚስቱን ብቻውን በምን እንደሚጎትት፣ የትኛውን ማንሻ ገመድ ወደ የትኛው ዊንች እንደሚወስድ፣ መልህቅ ላይ ሳሉ በተግባር መሞከር አለባቸው።

ሞተር የሚቆመው ብዙ ጊዜ በነዳጅ ነው። ወደብ ውስጥ የጋኑ ሥር ተኝቶ የነበረው ዝቃጭ ማዕበል ሲንጠው ይነሳና ማጣሪያውን ይደፍናል። ሞተሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ ብሎ ከጠፋ ነዳጅ ነው፤ የሙቀት ደወል ከጮኸ የማቀዝቀዣ ውሃው ነው፣ እዚህ ባህር ላይ ተንሳፋፊው ሳር ሳርጋሰም መሳቢያውን ይዘጋዋል። ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ትርፍ ማጣሪያ፣ አንድ ትርፍ የውሃ ፓምፕ ጎማ ይያዝ። ከመነሳት በፊት ከማጣሪያው ሥር ያለው ብርጭቆ በባትሪ ይታይ፤ ውሃ ካለ ይፍሰስ። ኤሌክትሪኩም ይሰላ፦ ኦቶፓይለት 5 አምፔር፣ ማቀዝቀዣ 4፣ ማሳያው፣ ሬዲዮውና መብራቱ 3 ቢወስዱ በ10 ሰዓት 120 አምፔር ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ መራገፍ ስለሌለበት 240 ያስፈልጋል።

ምግቡ ከመነሳት በፊት ያልቅ፤ ሌሊት ምድጃ አይነካም። እዚህ ላይ የእኛ አገር ስንቅ የሚተካከለው የለም፦ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በውሃና በማር የተበጠበጠ በሶ። የባህር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይውሰድ፤ እንቅልፍ ማምጣት አለማምጣቱንም ሌላ ቀን ይሞክረው።

መሃሉ ላይ የጥልቀት መለኪያው ቁጥር ይጠፋበታል ወይም የማይሆን ቁጥር ያሳያል። አልተበላሸም፤ ከሥር ከ700 ሜትር በላይ ውሃ ስላለ ነው። አንዳንዴ «3 ሜትር» ብሎ ያስደነግጣል፤ ያኔ ካርታውን ማየት ነው። ቢሚኒ ሲቃረብ መለኪያው በድንገት ይመለሳል፣ የውሃውም ቀለም ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ውሃ ሰማያዊ በአንድ መስመር ይለወጣል። ያኔ ሁለቱም ነቅተው፣ ሸራው ወርዶ፣ ሁለቱ ሞተሮች ተነስተው፣ አንዱ መሪ ላይ አንዱ ከፊት ቆሞ ውሃውን እያነበበ ነው የሚገባው። የመግቢያ ፈቃድ ገና እንዳልተገኘ የሚናገረው ቢጫ ባንዲራ ይሰቀላል። ካፒቴኑ ፓስፖርቶቹንና የጀልባዋን ሰነድ ይዞ ወደ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ይሄዳል፤ ሌላው እሱ እስኪመለስ ከጀልባዋ አይወርድም። ፈቃዱ ሲመጣ ቢጫው ይወርድና የባሃማስ ባንዲራ በቀኝ በኩል ይወጣል።