የሲንጀራችሁን ዕድሜ ቁጥሩ ይናገር

ባሕር ዳር ገበያ ስገባ በየበረንዳው የተደረደሩትን የልብስ ስፌት መኪናዎች ሳላይ አላልፍም። በተለይ ጥቁሩን ሲንጀር። ባለቤቶቹን «የመቼ ነው?» ብትሏቸው ብዙዎቹ «የጣሊያን ጊዜ ነዋ!» ይሏችኋል። ሊሆን ይችላል። ግን ከወሬው በፊት መኪናውን ራሱን ጠይቁት።

መለያ ቁጥሩን ፈልጉ። ከመርፌው በተቃራኒ፣ በስተቀኝ በኩል በመኪናው ወለል ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፤ ዘይትና አቧራ ከሸፈነው በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ፊደል የሌለው ባዶ ቁጥር ከሆነ መኪናው በአብዛኛው ከ1900 በፊት የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ፊደል ይቀድማል። ኤፍ እና ዋይ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ፋብሪካ ነው፤ ጂ ደግሞ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ። ዋይ ካያችሁ 1920ዎቹን ወይ የ1930ዎቹን መጀመሪያ አስቡ። እንደ ኢ-ኤ (EA) ያሉ በኢ (E) የሚጀምሩ ጥንድ ፊደሎች ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የክላይድባንክ ናቸው። ከቁጥሩ የምታገኙት ዓመት ግን ቁጥሩ ለፋብሪካው የተመደበበት ነው፤ መኪናው ተሠርቶ ያለቀው ትንሽ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምልክት ፊት ለፊት የተለጠፈችው ክብ ብረት ናት። «1851-1951» ካለባት የኩባንያው መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ጣሊያን ከአገራችን የወጣው በ1941 ስለሆነ ያ መኪና የጣሊያን ጊዜ ሊሆን አይችልም፤ ዐሥር ዓመት ዘግይቷል። 1951ንም በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት፣ በእኛ 1943 እና 1944 ነው።

ከመርፌው ሥር ያለችውን ክዳን ሳብ አድርጋችሁም እዩ። የታች ክሩን የያዘው ረዘም ያለና እንደ ጥይት የሾለ ከሆነ አሠራሩ የድሮ ነው። ክብ ከሆነ ግን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ባለ ክቡ 15 ቁጥር ሞዴል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተመርቷል።

አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፦ ወርቃማውን ጌጥ ሙልጭ አድርጎ በቀለም መቀባት። እባካችሁ አትቀቡት! በአልኮልም አትጥረጉት፣ ጌጡን የሚጠብቀውን ሽፋን ያሟሟዋል። የስፌት መኪና ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የጣና ዳር ክረምት ብረት ቶሎ ያዝጋልና ዘይቱን አትርሱ። 15 ቁጥር ከሆነ ደግሞ አሁን ሱቅ የሚሸጠው ተራ የቤት መኪና መርፌ ይገባለታል፤ አስገቡና ስፉበት።