የኤትናን ቀይ ወይን አራት ኪሎ ላይ እንዴት አቀረብኩት

ጥሩ ቀይ ወይን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይበደላል። ወይ ኩሽና ውስጥ ይሞቃል፣ ወይ ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ወይ ከሚያቃጥል ወጥ ጋር ይቀርባል። የአክስቴ ልጅ ከሲሲሊ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ኤትና ሮሶ፣ ማለትም እዚያው ሲሲሊ ካለው ከኤትና እሳተ ገሞራ ተራራ የሚመጣ ቀይ ወይን፣ በጋቢ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ለዚህ ጠርሙስ የሚገባውን ላድርግለት አልኩ።

መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። ኤትና በሕግ የተጠበቀ የወይን መጠሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ኤትና ሮሶ ለመባል ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ ከሚባለው የወይን ዝርያ መሆን አለበት። «ኮንትራዳ» የሚል ካለበት ደግሞ ወይኑ የበቀለበትን ጎጥ እየነገራችሁ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ከአሮጌ ግንድ» የሚለው ጽሑፍ በአውሮፓ ሕግ የተቆረጠ ዕድሜ የለውም። 30 ዓመት ለሞላውም፣ ከ100 ላለፈውም ይጻፋል። ስለዚህ ግንዱ መቼ እንደተተከለ ጠይቁ። እኔም አስጠየቅኩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ነው ተባለ።

ይህ ዕድሜ ለምን እንደሚገርመኝ ልንገራችሁ። ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ከሰሜን አሜሪካ ገብታ፣ ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች አደረቀችው። መፍትሔ የሆነው የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ መቀጠል ነው። ዛሬም አብዛኛው የአውሮፓ ወይን የቆመው በዚያ ሥር ነው። አሸዋማ አፈር ግን ለዚህች ነፍሳት አይመቻትም። የኤትና ጥቁር የእሳተ ገሞራ አሸዋ ስላልተመቻት፣ አንዳንድ ማሳዎች ላይ በራሳቸው ሥር የቆሙ ሽማግሌ ግንዶች ተረፉ። ቦታው ከላቫ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ በተካበ እርከን የተያዘ ነው። ፎቶውን ሳየው ኮንሶ ነው ትዝ ያለኝ። ብዙው እርከን ትራክተር አያስገባም። እያንዳንዱ ግንድ ካስማው ላይ ታስሮ ለብቻው ይቆማል፤ ግረዛውም ለቀማውም በእጅ ነው። ግንዱ ሲያረጅ ፍሬው ያንሳል። ያንን ሁሉ ድካም ለጥቂት ዘለላ የሚከፍል ገበሬ እኔ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው።

ከፍ ያሉት ማሳዎች 1,000 ሜትር አካባቢ ናቸው። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች ቆላ ይመስላል። ግን ሲሲሊ ከምድር ወገብ ሩቅ ናት። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲበርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙም አይጠፋም። ለቀማው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በእኛ ጥቅምት ነው።

ኦርጋኒክ የሚለውንም አጣራሁ፤ ብዙ ሰው ምንም ያልተረጨበት ይመስለዋል። የተከለከሉት ፋብሪካ የሚያመርታቸው የተባይና የአረም ኬሚካሎች ናቸው። ለሻጋታ በሽታ ድኝና መዳብ ይፈቀዳል። መዳብ አፈር ውስጥ ስለሚጠራቀም የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ለአንድ ሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ገድቦታል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ የጠመቃው ሂደትም ሕግ አለው። ጣፋጭ ያልሆነ ኦርጋኒክ ቀይ ወይን በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ሰልፋይት አይኖረውም፤ ኦርጋኒክ ላልሆነው ጣሪያው 150 ነው። ምልክቱ አረንጓዴ መደብ ላይ በከዋክብት የተሠራ ቅጠል ነው። ሰልፋይት ከመበላሸት ስለሚጠብቅ፣ ያነሰበት ወይን ሙቀት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለዚህ መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ታች አጋደምኩት። ሲጋደም ቡሹ አይደርቅም። ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት፣ እዚያ ይሞቃል ይንቀጠቀጣልም። ከግብዣው በፊት በነበረው ቀን አተላው እንዲዘቅጥ አቆምኩት። ለመጠጣት ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ይበቃዋል። ለዚያ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ በቂ ነው። መብራት ከሄደም ችግር የለም፣ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሲቀዳም ከሲሶው አይለፍ።

ትልቁ ጣጣ ምግቡ ነበር። ቀኑን ቅዳሜ አደረግኩት፣ የጾም ቀን እንዳይሆን። እማዬ «እንግዳ ተጠርቶ ዶሮ ወጥ ሳይኖር?» አለች። «እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ እሺ በይኝ» አልኳት። ዶሮ ወጥ የምወደው ምግብ ነው። ነገር ግን የወይኑ አልኮል የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሳል። ታኒኑ፣ ማለትም የጠቆረ ሻይ ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቅ ነገር፣ ከቃጠሎ ጋር ሲገናኝ ይመራል። በምትኩ ሚጥሚጣው የተቀነሰ ለብ ለብ ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ እንዲሁም የጥብስ ቅጠል የበዛበት የበግ ጥብስ አቀረብን። ክትፎው ከሁሉም በለጠ። ኮምጠጥ ያለው ወይን የቅቤውን ቅባት ከአፍ ያጥበዋል፣ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል።

አጎቴ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሱና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳስቷል። ውሃ ገብቶበታል እንዴ?» አሉ።

«የወይኑ ጠባይ ነው ጋሼ። እስቲ ከክትፎው ጋር ይቅመሱት።»

ኔሬሎ ማስካሌዜ ቀለሙ ፈዛዛ ነው። ጥቁር ቀይ ያልሆነ ወይን ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ያሳስታል። ጋሼ ጉደርን በኮካ ሲጠጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ኮካም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ግማሹን እንዳለ ጠጡ፣ ግማሹን በኮካ። አልተከራከርኳቸውም። በኋላ ግን «ከሥጋው ጋር ይሄዳል፤ ለብቻው ይጎመዝዛል» አሉ። ከማንም የተሻለ ግምገማ ነው። ይህ ወይን የማዕድ ወይን ነው፤ ቀድሞ ምግብ ይምጣ፣ ከዚያ ይቀዳ።

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለስድስት ሰው አንዳንድ ብርጭቆ ይደርሳል። እኔ ከድርሻዬ ጥቂት አስቀርቼ ጠርሙሱን መልሼ በቡሹ ዘጋሁትና ፍሪጅ ከተትኩት። በማግስቱ ከእማዬ ጋር በአይብና በዳቦ ቀመስነው። አፍ ማድረቁ ቀንሷል፣ ሽታው ከፍቷል። እማዬ ይኸኛው ይሻላል ባይ ናት፤ እኔም እስማማለሁ። ቀጣዩን ጠርሙስ እንግዳ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከፍቼ፣ አተላውን ትቼ ንጹሕ ጆግ ውስጥ እገለብጠዋለሁ።